እጅጌው የታጠፈ ልጅ

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሕፃናቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ አዲሱ ዓመት የመጣው ለልብሳቸው እንጂ ለእነሱ እንዳልሆነ ይገባዋል። ኮቱ ጉልበት ይነካል፤ እጅጌው ሦስቴ ታጥፎም የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ያሳያል፤ ቀበቶው በምስማር ተጨማሪ ቀዳዳ ተበስቶለታል፤ ጫማው ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ለምን ለሚል መልሱ አንድ ነው፦ «ያድግበታል»። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ባለሱቁ እንኳ ለምዶታል፤ እናት ገና «ትንሽ አልሰፋም?» ብላ ሳትጨርስ እሱ ይቀድማታል። ልጁን የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅስ አፉ በኮሌታው ተሸፍኖ ምን ይመልሳል?

አገር የሚያሳስበው ስንት ነገር እያለ ስለ ሱሪ ጫፍ መጨቃጨቅ እንደማይገባ አይጠፋኝም። ግን ሒሳቡ አያስተኛም። ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረ ሕፃን በዓመቱ 75 ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ «ያድግበታል» ባዮች በረቱ ማለት ነበር። አይቀጥልም። በሁለተኛው ዓመት 12 ገደማ ይጨምራል፤ ከሦስት ዓመቱ በኋላ ደግሞ በዓመት 6 ወይ 7። እሷንም ቢሆን እግር፣ ወገብና አንገት ይካፈሏታል፤ ክንድ ላይ የሚደርሰው ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ታዲያ ሦስቴ የታጠፈ እጅጌ ስንት እንቁጣጣሽ ቆይቶ ሊዘረጋ ነው? እስከዚያ ክርኑ ይበላል፣ ቁልፉ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይለቃል። ልብሱ ለልጁ ልክ የሚሆነው ለመወልወያ በሚታጭበት ሳምንት ነው። ጫማውማ ይብሳል። ከጣቶቹ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መተው ደግ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ልጁ በጫማ አይሄድም፣ ጫማ ይጎትታል።

«ኑሮው ነዋ!» ይባላል። የኑሮውን ነገር የሚክድ የለም፤ በደመወዝ ማግስት የልጅ ጫማ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጉዳዩ የኪስ ብቻ ቢሆን፣ ደህና ኪስ ያለው ቤት ልጅ በልኩ ለብሶ እናየው ነበር። አናየውም። «ለታናሹ ይተርፋል» የሚለው መከላከያ ደግሞ ራሱን በራሱ ይመታል፦ ለታናሽ የሚተርፈው ሳያልቅ ያጠረ ልብስ ነው። ታላቁ አራት ዓመት ተንከባሎበት ልኩ የደረሰው ኮት ለታናሹ ውርስ አይሆንም፤ ዕዳ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የሚቆጨኝ ደስታው ነው። ልጅ ሲያድግ ማየት ነጻ ትርዒት ነው፤ እኛ ግን መጋረጃ አልብሰን እንደብቀዋለን። ፊሊበር ጌኖ ደ ሞንቤያር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1759 የተወለደ ልጁን ቁመት በየስድስት ወሩ ገደማ እየለካ እስከ 1777 መዘገበ፤ ቡፎን የተባለው ስመ ጥር ወዳጁም አሳተመለት። ዛሬ ድረስ ስለ ሕፃናት ዕድገት የሚያስተምሩ ሰዎች ያችን መስመር እየሳሉ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሚሼል ላምፕል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ 31 ሕፃናትን በተደጋጋሚ ለክተው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ነገር አለ፦ ሕፃን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አይረዝምም፤ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወረወራል። «ማታ ልኩ የነበረው ልብስ ጠዋት አጠረ» የምትል እናት እንግዲህ አላጋነነችም። ይህን ድንቅ ነገር የሚያበስረን ግን ያጠረው ሱሪ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ሁለት ጣት የምትታይ ቆዳ ብቅ ስትል ቤተሰቡ ሁሉ «ውይ!» ይላል። በድንኳን ውስጥ የሚያድግ ልጅ ይህ «ውይ!» አይደርሰውም።

ነገሩ በልብስ ቢያበቃ እንስቅ ነበር። አላበቃም። የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ተብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ የአምስት ዓመት ልጅ «ጎበዝ ነው፣ ይችለዋል» ተብሎ ይገፋል። እርሳስ በወጉ መያዝ ያልቻለች የአራት ዓመት ልጅ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ተሸክማ ትመጣለች፤ ቦርሳው ከኋላ ሲታይ ቦርሳ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ጥቁር ገዋን ለብሳ፣ አይኗን የሚጋርድ ቆብ ደፍታ ትመረቃለች። ከምን? ከአሸዋ ጨዋታ? ይሄ ያናድዳል፤ ማለስለሻ የለውም። ልጁ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን አንዱን ዓመት ነጥቀን የስድስት ዓመት ሰው እንዲሆን እናስገድደዋለን፣ ስድስት ሲሞላ ደግሞ «ያኔ እንዴት ያምር ነበር!» ብለን ፎቶ እናገላብጣለን። ያኔማ ፊታችን ቆሞ ነበር፤ የቤት ሥራውን ጨርስ ስንለው።

ደግሞ እኮ መደነቅ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ዳዴ ሲል የከረመ ሕፃን ግድግዳ ለቅቆ ሲንገዳገድ ሽማግሌው ሳይቀር እጁን ዘርግቶ «ወፌ ቆመች!» ይላል። በዚያች ሰዓት ማንም ስለ ሩጫው አያወራም። ብርቱካንን «ብልቱካን» የሚል ልጅ እንግዳ ፊት ደጋግሞ እንዲጠራት ይለመናል እንጂ ማንም ሊያርመው አይቸኩልም፤ አንድ ቀን አስተካክሎ ሲጠራት ቤቱ ትንሽ ቅር ይለዋል።

ወደ ልብሱ ስንመለስ፣ ይቅርታ የሚገባቸው ባሕር ማዶ ያሉ አክስቶች ናቸው። ዋሽንግተን ሆና «ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ የምትገዛ አክስት፣ ሻንጣ የሚይዝላት መንገደኛ እስኪገኝ ወራት ያልፋሉ፤ ትንቢት ካልጨመረችበት እንዴት ይሆንላታል? ልብሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ራሱ የማን ልጅ ዕድሜ እንደሆነ እንጃ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ለመሥራት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናት ተለክተው፣ በደህና ሁኔታ እስካደጉ ድረስ ቁመታቸው በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ፋብሪካዎቹ ግን ይህን የሰሙ አይመስልም፤ «4 ዓመት» የተባለ አንዱ ሱሪ ጉልበት ላይ ሲቀር ሌላው መሬት ይጠርጋል። ልምድ ያለው ነጋዴ ጽሑፉን ዞር ብሎም አያየውም፤ የሱሪውን ወገብ እጥፍ አድርጎ በልጁ አንገት ዙሪያ ይጠመጥመውና «ልኩ ነው» ይላል። አንገትና ወገብ መቼ እንዲህ እንደተዋዋሉ ልብስ ሰፊ ይንገረን።