በረካው ቀጠነ

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ጎንደር መጣና፣ ታቦት ሳይወርድ የእኔን ላፕቶፕ አጠመቀው። ዊንዶውስ ወጣ፣ ሊኑክስ ገባ። «ይንቀራፈፍ ነበር ጋሼ፤ አሁን ይከንፋል» አለኝ። ይከንፋል፤ ግን ባዶውን። ዴስክቶፑ ላይ አንድ ፋይል የለም። ከታች በግራ ጥግ የነበረችው ስታርትም የለችም።

ዴስክቶፕ እኮ የሳሎን ግድግዳ ነው። የእድሩ ዝርዝር፣ የመብራት ደረሰኝ፣ «አዲስ ፎልደር 7»፣ ሁሉንም በዓይኔ ነው የማውቃቸው።

«አልጠፉም፣ ጓዳ ናቸው። ይሄ ጂኖም የሚባል የሊኑክስ ዴስክቶፕ ነው። ካልወደዱት ኬዲኢ አለ፣ ኤክስኤፍሲኢ አለ፣ ማቴ አለ፣ ሲናመን አለ...»

ቀረፋም አለበት ማለት ነው። ለአንዲት ስክሪን!

ጎንደሬ ሆኜ መገረሜ ነው የሚገርመው። ከፒያሳ ወረድ ብለን በየቀኑ የምንታከከው የነገሥታቱ ግቢ አጥር ውስጥ ምንድን ነው ያለው? ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆረቆሩና ግንባቸውን አቆሙ። ልጃቸው ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። ኢያሱ የራሳቸውን፣ ዳዊት የራሳቸውን፣ በካፋም የራሳቸውን። ምንትዋብማ ግቢው ውስጥ የሠሩት አልበቃ ብሏቸው ቁስቋም ወጥተው እንደገና አስገነቡ። መሬቱ አንድ፣ አጥሩ አንድ፤ ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ግንቡ ሌላ። ሊኑክስም እንደዚያው። ኬዲኢ እ.ኤ.አ. በ1996 መሠረቱን ጣለ፤ በዓመቱ የጂኖም ሰዎች «የድንጋይህ ፈቃድ አላማረንም» ብለው ከጎኑ ሌላ ጀመሩ። ጠቡ በእርግጥም ኬዲኢ በተሠራበት ሶፍትዌር ፈቃድ ላይ ነበር።

ኢያሱ ግን የአያታቸውን ግንብ አላፈረሱም። የጂኖም ሰዎች ግን የራሳቸውን አፈረሱ፤ አንደኛው እትም፣ አቦሉ፣ ወፍሮ፣ ሁለተኛው፣ ቶናው፣ ጥሞ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስተኛው፣ በረካው፣ ቀረበ፤ ቀጥኖ። መስኮት ዝቅ የምታደርገዋን ምልክት እንኳ ከቦታዋ አነሷት። በኋላም ዴስክቶፕ ላይ ፋይል ማስቀመጥ ቀረ። ለምን? ቀለል እንዲልልን! እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ከበደኝ ያለ ማን ነው? ቢሮ ስንሄድ «ለእናንተው ታስቦ ነው» እየተባለ መስኮት የሚዘጋብን አንሶ፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ የማያስፈልገንን የሚያውቅልንን ማን ሾመው?

አንድ አርጀንቲናዊ እንደኔው ተናዶ ቶናውን መልሶ ጣደው፤ በአገሩ መጠጥ ስምም ማቴ አለው። ይህን ሰው ባገኘው ቡና አጠጣዋለሁ።

እርግጥ ሌሊት ብቻዬን ስቀመጥ፣ ባዶው ስክሪን ከሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደ ማየት ዓይን ያሳርፋል። ለልጁ ግን ይህን አልነግረውም።

ትናንት ማቴን ልጭን ሞክሬ ነበር፤ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ፓስወርዱ ከልጁ ጋር ባሕር ዳር ነው።