ያቀረቡለትን ሁሉ ይውጥ የነበረው ሟች

ነፍስ ኄር ዊንዶውስ ኤክስፒ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ለገበያ በመብቃት ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አጥንታቸውን ከቢሮው ጭምት ከኤንቲ፣ ፈገግታቸውን ከቤተኛው ከ98 ወርሰዋል። በተወለዱ በ12 ዓመት ከመንፈቃቸው፣ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. በገዛ ወላጆቻቸው ውሳኔ አርፈዋል። ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው እንዳይባል፣ ያላደረባቸውን መቁጠር ይቀላል።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ጋምቤላ ውስጥ ኤክስፒን አንቱ ያለው አልነበረም። የባሮ ከተማ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቷ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚያውቁት ጎኑ ተከፍቶ፣ ሆድቃው ተዘርግፎ፣ ለሰው የተገዛው ቬንትሌተር ወደ እሱ ዞሮ ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ሰማያዊ ገጹን ገልጦ ዲስኩን አንድ በአንድ ሲመረምር፣ ደንበኛ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ስትሞት ደግሞ ቀኑ ይጠፋበታል፤ አንዳንዱም ባስነሡት ቁጥር በፈረንጆቹ 2002 ይነቃል። በ2002 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ለአንድ ዓመት ያህል ከአገሩ ጋር ተስማምቶ ኖሯል።

የመጣው በአውቶቡስ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመቱና በጎሬ በኩል፣ ስሙ በማርከር በተጻፈበት አንድ ሲዲ። ዋጋውን ለባለቤቱ የከፈለ ሰው ፍለጋ ቢወጣ ፈላጊው እስካሁን አይመለስም ነበር። ከኤፍ፣ ሲ፣ ኬ፣ ጂ፣ ደብልዩ የሚጀምረውን ባለ 25 ሆሄ ቁልፍ ዓለም በሙሉ ያውቀው ነበር፤ የቤተሰቡን ስልክ በቃሉ የማይዝ የኮምፒውተር ባለሙያ እሱን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደዋል። ሟች 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ካገኘ እያቃሰተም ቢሆን ይነሣል። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አምጡ ብሎ በየሰዓቱ አይነዘንዝም። ለጋምቤላ ይህ ትልቅ ጨዋነት ነበር።

ጨዋነቱ ግን ፍላሽ እስኪያይ ድረስ ነው።

ሟችን የሚያውቅ ሁሉ የሚያነሣበት አንድ ነውር ሆዱ ነው። የተሰካበትን ነገር ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ አያውቅም። ቲንግ ይላል፣ ይከፍታል፣ ይውጣል። ኢንተርኔት እንደልብ ባልነበረባቸው ዓመታት የከተማዋ ኔትወርክ በሰው ኪስ የሚዞር ፍላሽ ነበር፤ ከኢታንግ የመጣ ሪፖርት፣ ከአቦቦ የመጣ ፔሮል፣ የሥራ ፈላጊ ሲቪ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በዚያችው ቀዳዳ ይገባል፤ ቫይረሱም አብሮ።

ደንበኛው «እህቴ፣ ማመልከቻዬን ፕሪንት አድርጊልኝ» ብሎ ፍላሹን ያቀብላል። ጸሐፊዋ ትሰካለች። ፎልደሩ በቦታው አለ፤ ስሙም ቢጫ መልኩም ያው ነው። ጥጉ ላይ ግን ትንሽ ቀስት አብቅሏል፤ መጠኑም 1 ኪሎባይት ሆኗል። ዋናው ተደብቆ አስመሳዩ ቦታውን ይዟል።

«ወንድሜ፣ ፍላሽህን ቫይረስ በልቶታል።»

«ትናንት እኮ የሰካሁት እዚሁ አንቺ ጋ ነው!»

ከዚህ በኋላ ጥቁሩ መስኮት ይከፈትና «አትሪብ፣ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ ኤስ» ይጀመራል፤ ጠበል የሚረጭ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ጽሞና ይሰፍናል። የተደበቀው ማመልከቻ ብቅ ሲል ሁለቱም ይታረቃሉ። አንቲቫይረስ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። አፕዴት ካልተደረገ ግን አያይም፤ አፕዴቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይመጣል፤ ያንን ፍላሽ ምን እንዳጀበው መገመት አይከብድም። በ2001 ዓ.ም. ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በዚሁ መንገድ ጭምር ዓለምን ካስጨነቀ በኋላ፣ ወላጆቹ በየካቲት 2003 ሟች ፍላሽ ባየ ቁጥር አፉን እንዳይከፍት የሚያደርግ እርማት ላኩለት። የላኩት በኢንተርኔት ነው።

ግድግዳው ላይ የነበረው ያ አረንጓዴ ኮረብታም ከነውሩ አላመለጠም። ጎሬ አካባቢ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የተነሣ ፎቶ ነው። ኮረብታው የወይን ተክል የሚለማበት ነበር፤ ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ ወይኑን ቢፈጀው ተነቅሎ ሣር በቀለበት። ሟች ፊቱን ሳይቀር የሠራው ተባይ ከበላው ማሳ ነው ማለት ነው።

ቋንቋ ላይም አልተባረከም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ተወልዶ፣ አማርኛ ሲያሳዩት ባዶ ሣጥን ይደረድር ነበር፤ ፊደሉን ይዞ የተወለደው ታናሹ ቪስታ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ፓወር ግዕዝ ከውጭ ይጫንበታል። ፎንቱ ከሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ደብዳቤ ሲከፈት የፈረንጅ ሆሄ ዝባዝንኬ ይሆናል። ኑዌርኛና አኝዋክኛ የሚጽፍ መምህር ደግሞ በላቲን ስለሚጽፍ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል፤ የኑዌርኛ አጻጻፍ በ1928 እ.ኤ.አ. ረጃፍ ላይ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ መልክ ከያዘ ጀምሮ ያሉት ልዩ ሆሄያት ግን ኪቦርዱ ላይ የሉም። ባዶ ቦታ ትቶ፣ አትሞ፣ በእስክሪብቶ መሙላት ነበር መፍትሔው። ያ የቀለም ጭረት ያለበት የመማሪያ ወረቀት ትዝ የሚለው ሰው በሟች ላይ ለመሳቅ ትንሽ ይቸገራል።

የሞቱ መርዶ ሲነገር ከዓለም ዴስክቶፖች ሩብ ያህሉ ገና በእሱ ትከሻ ላይ ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ የአንድ ዓመት ዕድሜ ገዛለት። ጋምቤላ በዚያ ሰሞን መርዶ መስሚያ ጊዜ አልነበራትም፤ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በፓጋክ በኩል በሺዎች ይገቡ ነበር። ኤክስፒም መሞቱን የነገረው ስላልነበረ ሥራውን ቀጠለ። በግንቦት 2009 ዋናክራይ ዓለምን ሲያናውጥ፣ ቀባሪዎቹ ራሳቸው ደንግጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሬሳው መድኃኒት አዘዙ።

ማን ገደለው? ስሙ አይነሣም፤ ቤተሰብ ነው። ወራሹ ቪስታ ለመነሣት የጠየቀው ትንሹ ሜሞሪ ግን የሟችን ስምንት እጥፍ፣ 512 ሜጋባይት ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው እጅ በሌላው ልጅ፣ በዊንዶውስ 10 ላይ ተነሣ፤ ተተኪውም 4 ጊጋባይት ካልቀረበለት አልቀመጥም ባይ ነው። ጋምቤላ እንዲህ ያለውን ስንብት ታውቀዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ የካርቱም መርከብ ቡና ሊጭን ይመጣ ነበር። ያም ቀረ። መርከቡ ግን ቢያንስ እንደ ሟች የመጣውን ሁሉ አልዋጠም።

አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሬሳው ዛሬም ጠረጴዛ ሥር አለ፤ ጸሐፊዋ እግሯን ታሳርፍበታለች። አዲሱ ኮምፒውተር የድሮውን የፓወር ግዕዝ ደብዳቤ ዝባዝንኬ አድርጎ ሲያሳያት ግን ጎንበስ ብላ ታስነሣዋለች። ያጓራል፣ አቧራ ይተፋል፣ ኮረብታው ይወጣል፣ ዓመቱ 2002 ነው። ደብዳቤውን ገልብጣ ለማውጣት ፍላሿን አንሥታ አመነታች፤ አዲስ ናት፣ ትናንት የተገዛች። ሰካችው።

ቲንግ።