ሳሙናን አበላሽቶ ለወዳጅ ገጸ በረከት ስለ ማቅረብ

በቤቱ ሳሙና ሠርቶ ሊታጠብበት፣ ከተረፈውም ለወላድ ጥየቃና ለዓውደ ዓመት ለወዳጅ ዘመዱ ገጸ በረከት ሊያቀርብ የተነሣ ሰው፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንዲሆን ቢፈልግ የሚሄድበት መንገድ ሰፊ ነው። እኔም ያን መንገድ ከመግቢያው እስከ መውጫው አሳያለሁ፤ ጥፋቱ በሠሪው እጅ ብቻ ሳይቀር በተቀባዩ ገላና በቤቱ ሕፃናት ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ስሕተት በመልኩ ታውቆ ገና ከሩቁ እንዲሸሽ ከልብ እሻለሁና።

እንግዲህ ሳሙናውን ሊያበላሽ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሚዛንን ይናቅ። ሳሙና የሚገኘው የስብ ወይም የዘይት ባሕርይ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ፣ ሁለቱም የቀድሞ ጠባያቸውን ትተው ሳሙናና ግሊሰሪን ሲሆኑ ነው፤ የስብን ባሕርይ መርምሮ የዚህን ውሕደት ምሥጢር የገለጠው የፈረንሳዩ ሊቅ ሚሼል ዩጂን ሸቭረል ሲሆን፣ የምርምሩንም መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። በውሕደቱ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ስብ የሚጠይቀው የሶዳ መጠን ለየቅል ነው፦ አንድ ኪሎ የወይራ ዘይት 135 ግራም ያህል፣ አንድ ኪሎ የከብት ሞራ 140 ያህል፣ አንድ ኪሎ የኮኮናት ዘይት ግን 183 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አጥፊው በኮኮናት ዘይት የተጻፈውን መጠን ይያዝና፣ ዘይቱ ሲወደድበት በሞራ ይለውጠው፤ ሶዳውን ግን አይቀንስ። ያን ጊዜ በኪሎ 43 ግራም ያህል ሶዳ የሚዋሐደው ስብ አጥቶ በሳሙናው ውስጥ ይቀራል፤ ነጭና ጥሩ መስሎ የሚታየውም ሳሙና ገላን ይልጣል። ሰባት መቶ ግራም ሞራና ሦስት መቶ ግራም የኮኮናት ዘይት የሚያዋሕድ ጥንቁቅ ሰው ግን የሁለቱን ድርሻ አስልቶ 153 ግራም ያገኛል፤ ከዚህም ጥቂት ስብ ሳይዋሐድ ቀርቶ ለገላ እንዲለሰልስ ከመቶ አምስት እጅ ቀንሶ 145 ግራም ብቻ ይመዝናል። ይህን ሒሳብ የማይወድ በስኒ ይስፈር፤ ደቃቁና ፍርክስክሱ፣ ደረቁና እርጥበት የሳበው ሶዳ በስኒ ሲሰፈር ክብደቱ ስለሚለያይ የዛሬው ሳሙና ከትናንቱ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ቀጥሎ ሶዳውን በዕቃው ግርጌ አስቀምጦ ውኃውን ከላይ ያፍስስበት። ሶዳ ውኃ ሲነካው ብርቱ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ጥቂቱ ውኃ በቅጽበት ይፈላና ወደ ፊት ይረጫል፤ ዓይንን ለማጥፋትም አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ሥርዓቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ አስቀድሞ ሦስት መቶ ግራም ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ይቀመጣል፣ ሶዳውም እየተማሰለ ጥቂት በጥቂት ይነሰነስበታል፤ ሠሪውም ዓይኑን በመከላከያ መነጽር፣ እጁን በጓንት ይሸፍናል። ዕቃውን በተመለከተ አጥፊው በየቤታችን የሚገኘውን የአሉሚኒየም ድስት ይምረጥ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣልና፣ ከሰሉ በአጠገቡ እንደ ተያያዘ፣ መስኮቱም እንደ ተዘጋ ሆኖ ሲሠራ አደጋው ምሉዕ ይሆናል። እጁ ላይ ቢፈናጠቅበትም ኮምጣጤ ፍለጋ ይሩጥ፤ መድኃኒቱ ግን በብዙ ንጹሕ ውኃ ሳያቋርጡ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ማጠብ፣ ዓይን ከነካም እያጠቡ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የተረፈው ሶዳ የሚቀመጥበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ልቤ ይረበሻል። አጥፊው የቀረውን በውኃ የተበጠበጠ ሶዳ፣ ሕዝቡ ሃይላንድ በሚለው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይሙላው፤ ስም አይጻፍበት፤ ከእንስራው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ያኑረው። ብጥብጡ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፣ የሚያስጠነቅቅ ሽታም የለውም። ሲጫወት ውሎ በጥም የደረሰ ሕፃን ክዳኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ቢጎነጭ አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፤ ቁስሉም ሲድን ጠባሳው ጉሮሮውን እያጠበበው፣ ያ ልጅ እንጀራ መዋጥ ተስኖት ዘመኑን ሁሉ ከሐኪም ቤት የማይለይ ሊሆን ይችላል። ላስመልሰው የሚል ወላጅ ደግሞ የወረደውን እሳት ዳግመኛ በዚያው መንገድ ያወጣዋል። ሶዳ ሊቀመጥ የሚገባው በራሱ ዕቃ፣ ስሙ በጉልህ ተጽፎበት፣ ሕፃን በማይደርስበት የተቆለፈ ስፍራ ነው። ቁልፍ ያለው ሣጥን የሌለው ሰው ሳሙና መሥራቱን ቢተው እመርጣለሁ።

ስለ ዘይቱ ምርጫና ስለ መዓዛው ብዙ አልልም። የኑግ ዘይት ብቻውን ይሁን፤ ሳሙናው ልል ይሆንና ሳይቆይ ይከረፋል። ሎሚም ይጨመቅበት፤ ኮምጣጣው የሶዳውን ኃይል ስለሚሰብር የተለካው ሁሉ ይዛባል። ዋናው ነገር ግን ተፈጥሮአዊ ነውና ማንንም አይጎዳም ብሎ መማል ነው። እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ እንኳ ከተፈጥሮ የተገኘ ሲሆን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዳስተዋሉት፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ስለዚህ ተፈጥሮአዊ የሚለው ቃል ለገላ ዋስ አይሆንም።

በመጨረሻም የተቆረጠው ሳሙና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተደርድሮ ሊደርቅ ሲገባው፣ አጥፊው በሦስተኛው ቀን በላስቲክ ይጠቅልለውና ለአራሷ ይላክላት። የተሠራበትን ቀንና የገባበትን ዘይት አይጻፍበት፤ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማት እንደ ሆነች በምን ታውቃለች? ገላዋን አሳክኳት ስትጠይቀውም፣ ሲለመድ ይተውሻል ይበላት፤ ልኩን መሳቱን በልቡ ቢያውቅም ከእፍረት የተነሣ ዝም ይበል። እንዲህ ያለውን ዝምታ ይቅር ለማለት እቸገራለሁ። ለሌሎች የሰጠውም ካለ ዛሬውኑ በየቤቱ ዞሮ ይሰብስበው፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ እፍረት ነው።