ነፃ ትምህርትን በአበርገሌ ማስፈጸም ለሚሹ

በአበርገሌ ወረዳ የትምህርት ባለሙያ ሆነው ከተመደቡ እንኳን ደስ አለዎት፤ ከባዱ ሥራ በ1986 ዓ.ም. አልቆልዎታል። ያን ዓመት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጎታል። ለእርስዎ የቀረው ከዞኑ ከተማ ከሰቆታ ወደ ወረዳው ከተማ ኒሯቅ ወርደው ይህንኑ መንገር ነው።

ምዝገባውን ነሐሴ ላይ ይጀምሩ። የልደት ካርድ አይጠይቁ፤ ብዙው የለውም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል። ካልነካም ጎተት አድርገው ያግዙት፤ ዕቅድ አለብዎት። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ አንደኛ ክፍል ልመዝገብ ቢል ደግሞ ደስ ይበልዎት። ጥቅል ተሳትፎ ሲሰላ ዕድሜው ያለፈውም ስለሚቆጠር፣ ከመቶ በመቶ በላይ ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። በሌላ መሥሪያ ቤት ይህን ዕድል አያገኙም።

የፍየል ወሬ ግን እንዳይከፍቱ። እዚህ አገር ሀብቱ ፍየል ነው፤ የሚያግደው ያው ጆሮውን የነካው ልጅ። አባትየው «እሱ ትምህርት ቤት ከዋለ ፍየሎቹን ማን ያግድልኝ?» ካሉዎት፣ ትምህርት ነፃ መሆኑን ረጋ ብለው ይድገሙላቸው። እረኛ ቢቀጥሩ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል ሳይጠይቁዎት ወደሚቀጥለው ቤት ይለፉ። (የአበርገሌ ፍየል እኮ በስሟ የታወቀች ዝርያ ናት። ሰቆታ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለማሻሻል ይደክማል፤ ለምርምር የተያዘች ግልገል ስትወለድ ክብደቷ ይለካል፣ ቀኗ ይጻፋል። ዕድሜው በጆሮ የሚለካው እረኛዋ ነው።)

በበጀት አይጨነቁ። የወረዳው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ ያልቃል፤ ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ጉልበቱን፣ አንዳንዴም የጥበቃውን ደመወዝ የሚችለው ወላጅ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ የፈረሰ ማስጠገንም ተጨምሮበታል። ስብሰባውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጥሩና እጅ ያስወጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ብለው ይጻፉ እንጂ «ክፍያ» እንዳይሉ፤ ክፍያ ቀርቷል። ደብተርና እስክሪብቶ መግዛትም እንደዚያው ተሳትፎ ነው። ድንጋዩ እስኪሰበሰብ ልጆቹ ዳስ ውስጥ ይማራሉ፤ ነፋሻማ ነው፣ የመስኮት ወጪ የለበትም።

ከዞን ጎብኚ ሲመጣ የተማሪ ምገባ ባለበት ወር እንዲሆን ይጣሩ። ያን ጊዜ ስም ሲጠራ «አቤት» የማይል የለም። እህሉ ካለቀ በኋላ ከመጡ ግን ሻይ ጋብዘው ከቢሮ አያስወጧቸው።

አንድ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ፍየሉን ሲፈጀው ብዙ እረኛ ከእረኝነት ተገላገለ፤ የሚያግደው አልነበረውም። ክፍል ግን አልገባም፤ ርቦታል፣ ወይም ከወላጆቹ ጋር ቀዬውን ለቋል። ይህ በዕቅዱ ላይ አልታሰበም፤ የማቋረጫ ምክንያት በሚሞላበት ቅጽ ላይ «ሌሎች» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉና ሪፖርቱን በጊዜው ይላኩ።