ደርሶ መልስ ከጎንደር መናኸሪያ

ጎንደር ባቡር ኖሯት አያውቅም። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወደ ፋሲል ከተማ ግን እስካሁን ዝር አላለም። ለጥምቀት ከጀርመን የመጣ ዘመድ «ለቀን ጉዞ የትኛው ትኬት ያዋጣኛል?» ሲል ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚተያየው ለዚህ ነው።

ዘመዱ አይፈረድበትም። በሚኖርበት አገር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አንድ ወርኃዊ ትኬት የያዘ ሰው ከረጅም ርቀት ባቡር በቀር ያገኘው ባቡር፣ ትራምና የከተማ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ደግሞ 58 ገባ። ይህን የለመደ ሰው መናኸሪያ ሲደርስ ዓይኑ ትኬት የሚቆረጥበትን መስኮት ይፈልጋል። የሚቀበለው ግን «ደባርቅ! ደባርቅ! ሁለት ሰው!» የሚል ረዳት ነው። ሁለቱ ሰዎች ገብተው ከተቀመጡ በኋላም የጎደለው ሁለት ሰው ነው።

ሚኒባስ የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ጀርመን ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ ይሄዳል፤ እዚህ ቀድሞ የገባ ጋቢና ይይዝና ከሁሉም በላይ ይጠብቃል። የመናኸሪያ ነባር ቡናውን ፉት እያለ ከሩቅ ያያል፤ ወንበሩ ሊሞላ ሲል ብድግ ይላል። የሚደርሰው የኋላ መቀመጫ ነው፤ ጉልበቱን ከአገጩ ያጋጥማል እንጂ ጊዜው አይባክንም። ይኸኛው ምርጫ ሳይሻል አይቀርም፣ በተለይ አጭር ቁመት ላለው።

ከትኬቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ቦታው ነው። ኮሶዬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገደሉን አይቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ጎርጎራ ስልሳ ግድም ሲሆን ጣና ዳር ያወርዳል። ደባርቅ መቶ ነው፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ተከፍሎ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተይዞ፣ ጭላዳ ወዳለበት ለመውጣት መኪና በኮንትራት መያዝ አለበት። ለብቻ ከሆነ ኪስ ያራግፋል፤ ሲካፈሉት ግን ይቀላል። ስለዚህ የጀርመኑን ትኬት እዚህ የሚተካው አምስት የአክስት ልጅ ነው።

ከታሪፉ በፊት ደግሞ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይባላል። በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ይህን ሳይጠይቅ የሚወጣ የለም።

አንድ ነገር ግን ዘመዱን ያስደስተዋል፦ የፋሲል ግቢ ትኬት ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል። አክስቱ «ብቻ እንዳትጥለው» ትለዋለች። ከቦርሳው ያወጣዋል፤ ለማስታወሻ ብሎ ማኅደር ውስጥ አስቀምጦታል።

የመመለሻው ትኬት ደግሞ የረዳቱ ስልክ ቁጥር ነው። ዘመዱ ደባርቅ ሲወርድ ቁጥሩን መዝግቦ፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ ዘጠኝ አይለፍዎት!» ይላል ረዳቱ፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሁለት ሰው እየተጣራ።