ሁለት ድስት የቻለ ዳስ

ሐርቡ ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም የሚጠራበት ድግስ ሲኖር ሁለት ዓይነት ሥጋ ይሠራል። አንዱ በቢስሚላህ፣ ሌላው በስመ አብ የታረደ ነው። ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ ዳሱ ግን አንድ። አስተናጋጇ ጭልፋ ካሳሳተች ጉድ ይፈላል፤ ስለዚህ አታሳስትም። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይቀምስም፤ ሙሽሮቹን ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመርቃሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚያልፍ እንግዳ ይህን ሲያይ ይገረማል፤ እኛም በዚህ ስንኩራራ አንጠግብም።

ጨዋታው ወደ «እነዚያ»፣ ተመሳሳይ ፆታ ወደሚያፈቅሩት፣ የሚዞረው ታዲያ እዚሁ ዳስ ውስጥ ነው። ስለ መቻቻል ሲያስተምሩን የቆዩ አንድ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ከቲክቶክ የደረሳቸውን የአንድ ወጣት ፎቶ ያዞራሉ። ልጁ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም። ሱሪው ጠቧል፣ ፀጉሩ ተሠርቷል።

«ጋሼ፣ በምን አወቁ?»

«ኧረ ያስታውቃል!»

ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሁለት ጎልማሶች በትንሽ ጣታቸው ተቆላልፈው ይንሸራሸራሉ። እዚህ አገር ይህ ወንድማማችነት ነው። ጋሼም ልብ አላሏቸውም።

የሃይማኖት አባቶቻችንን በአንድ ቃል ያናገረ ጉዳይ ጥቂት ነው። የመቃብር ቦታና የመስጊድ መሥሪያ መሬት ሲያነታርክ ይከርማል። በታህሳስ 2001 ግን የኦርቶዶክሱ፣ የካቶሊኩ፣ የፕሮቴስታንቱና የእስልምናው መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በሕገ መንግሥቱ ይከልከል አሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እኮ ቀድሞውንም ይከለክላል። ያው ሕግ በአንቀጽ 652 በትዳር ላይ መማገጥንም ይቀጣል፤ እርግጥ የተበደለው ባል ወይም ሚስት መክሰስ አለባቸው። እስቲ ልጠይቅ፦ ስለ 652 በሕገ መንግሥቱ ይግባልን ብሎ የተሰበሰበ ጉባኤ የሰማ አለ? በነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎች የተፈተሹት ለ629 ነው፤ ነዋሪውም እንዲጠቁም ተጠይቋል። ለ652 ቢሆን ኖሮ ጠቋሚው ራሱ መደበቂያ ባጣ!

በ2011 ደግሞ ቶቶ ቱርስ የሚባል የቺካጎ አስጎብኚ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ደንበኞቹን ይዞ ላሊበላን ሊያይ ነው ሲባል የሃይማኖት ማኅበራት ተነሡ፤ ዛቻም ተከተለ። ላሊበላ የእኛው ወሎ ናት። ያኔ በ50 ዶላር ትኬት ይገባ የነበረውን ፈረንጅ ማታ ከማን ጋር እንዳደረ የጠየቀ ቆራጭ ግን አልነበረም። የነዚህኞቹ ጥፋት ሳይደብቁ ልምጣ ማለታቸው ነው።

አማኙ ድርጊቱን ኃጢአት ወይም ሐራም ማለቱ አይደለም ትዝብቴ። ይበል፣ መብቱ ነው። የጎረቤቱን ሥጋስ ሐራም ይል የለም? አይበላውም እንጂ ድስቱን አይደፋም።

ድስት ሲደፋ ምን እንደሚመስል ወሎ አሳምሮ ያውቃል። በ1870 እዚሁ ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ የሆኑት ናቸው። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር እምቢ ብለው ሸፈቱ። ከተጠመቀው ሕዝብ ብዙው ቀን ቤተ ክርስቲያን ይስም፣ ማታ ጓዳው ገብቶ ይሰግድ ነበር። ያኔም ምክንያቱ የአገር አንድነትና የእምነት ንጽሕና ነበር። ዛሬ ዳስ ውስጥ ፎቶ የሚያዞረው እንግዲህ የዚያ በጓዳ የሰገደ ሰው የልጅ ልጅ ነው፤ ሌላውን «ጓዳህ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ይላል።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችንማ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን የሚያቆመው ጎረቤቶቹ ሁሉ ሃይማኖቱን ወደውለት አይደለም፤ ሕጉ ለጥቂቱም ለብዙውም እኩል ስለሚቆም ነው። ያው ሕግ ለሚዋደዱ ሁለት ወንድ ጎረቤቶቹ ሲቆም «አገሩ ረከሰ» ብሎ ይደውልልናል። ረከሰ ካለው አገር ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ ግን አላየነውም።

ጋሼ፣ እርስዎ ሐራም ነው ይበሉ፣ ልጆችዎንም እንደ እምነትዎ ያሳድጉ፣ ዱዓም ያድርጉ። የሰው ልጅ ፎቶ ግን አያዙሩ። በ2015 ስምና ፎቷቸው ቲክቶክ ላይ ከተለጠፈባቸው ሰዎች መካከል ተደበደብን ያሉ አሉ።