ለፍሬቻ ድምፅ ቀማሪዎች፤ ከላስታ ጋቢና የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የመኪና ፍሬቻ ድምፅ ለሚቀምሩ መሐንዲሶች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ቀጭ ቀጭ» እንዲቀነስልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ባለው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ ጋቢና የምንቀመጥ ተሳፋሪዎች አቤቱታ አለን። አቤቱታ በምስጋና ይጀመራልና በቅድሚያ እናመሰግናለን።

በጥንት ጊዜ የፍሬቻ «ቀጭ ቀጭ» የማንም ድርሰት አልነበረም። ከዳሽቦርዱ ሥር በተደበቀችው ፍላሸር ውስጥ ያለች ስስ ብረት ኤሌክትሪክ ሲያግላት ትለመጥና መብራቱን ታጠፋለች፤ ስትበርድ ትመለስና ታበራለች። ቀጭታው የእሷ ነበር። ቀጥሎ በማግኔት የሚሠራው ፍላሸር መጣ፤ እሱም በአቅሙ ቀጭ አለ። በዛሬዎቹ ብዙ መኪኖች ውስጥ ግን ብረቷም ማግኔቱም የሉም። እናንተ የሟቿን ድምፅ አስመስላችሁ በድምፅ ማጉያ ታሰሙናላችሁ። እኛ አገር ተዝካር የሚወጣው በቀን ተቆጥሮ ነው፤ ለአንዲት ፍላሸር በየመታጠፊያው ተዝካር ሲወጣ ያየነው ከእናንተ ዘንድ ብቻ ነው።

ግዴታ ሆኖባችሁ እንዳንል ደንቡ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 48 ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ እንዲል ያዛል። መብራቱ መሥራቱን ለሾፌሩ የሚነግር ምልክትም ይጠይቃል፤ ምልክቱ ግን የሚታይ ወይም የሚሰማ ወይም ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋ አረንጓዴ ቀስት ብቻዋን ትበቃ ነበር። ጆሯችንን የጨመራችሁት በበጎ ፈቃዳችሁ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

በላስታ ተራሮች ፍሬቻ ለመታጠፍ ብቻ አይደለም፤ የሾፌሮች መነጋገሪያም ነው። ከፊት ዳገቱን የሚያዘግመው የጭነት መኪና ቀኝ ፍሬቻ ሲያሳይ «እለፈኝ» ማለቱ ነው፤ ግራ ሲያሳይ «ቆይ፣ ከፊት መኪና አለ» ማለቱ ነው። የእኛም ሾፌር ጨዋ ሰው ነውና በፍሬቻ ይመልሳል። ሁለቱ በብርሃን ሲጨዋወቱ ቀጭ ቀጩን ቁጭ ብለን የምንቆጥረው እኛ ነን። በዚህ መሐል አንዱ ያለ ምንም ፍሬቻ ከኋላ ተወንጭፎ በጠመዝማዛው ላይ ያልፈናል። በእሱ መኪና ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ሰፍኗል። ክቡራን መሐንዲሶች፣ ሕግ አክባሪውን በጩኸት የሚቀጣና ሕግ ጣሹን በዝምታ የሚሸልም መሣሪያ ሠርታችኋል።

«መቀነስ ይቻላል ወይ?» ብለን ጠይቀናል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ላይ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ድምፅ አልባ ፍላሸር ይቀይርልናል። ነገር ግን አንድ አምፖል ሲቃጠል የአሮጌው ቀጭታ ምቱን ለውጦ ያሳብቃል፤ ዝም ካሰኘነው ወሬ ነጋሪያችንን አጣን ማለት ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ የድምፅ መጠን መምረጫ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ስክሪን የሚናገረው በቻይንኛ ብቻ ነው። የግዕዝ ቅኔ የሚፈቱ ሊቃውንት በሞሉበት አገር «ድምፅ ቀንስ» የሚለውን የሚያነብ ጠፋ።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ ድምፁ ፍሬቻ ሳያሳይ ለሚታጠፍ ብቻ ይሁን። መሪው ሲዞር መኪናው ያውቃል፤ ሾፌሩ እስኪያፍር ይጩህበት።

2ኛ/ የፍሬቻ ድምፅ መቀነሻው ከሬዲዮው ቁልፍ ጎን ይሁንልን፤ ስክሪኑን በር በበር እያንኳኳን አንፈልገው።

3ኛ/ ይህ የማይቻል ከሆነ ድምፁን የሚቀምረው ሰው ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ይምጣ። ለገና ሌሊቱን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል ሰምቶ የማይሰለች ሕዝብ ከቀጭ ቀጭ ጋር የተጣላው ድምፅ ስለሚጠላ አይደለም፤ ዜማ ስለሚያውቅ ነው።

ምላሻችሁ እስኪደርሰን በረዳቱ እጅ እንገለገላለን። በመስኮት ወጥታ ያለ ድምፅ ትሠራለች፤ አምፖል አይቃጠልባትም፤ ማስተካከያዋም በአማርኛ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የጋቢና ተሳፋሪ፣ ላስታ

ግልባጭ፦
ለመንገድ ዳር አህዮች፤ ፍሬቻ ኖረም አልኖረም ስለማይነሡ፣ ለመረጃ ያህል
ያለ ፍሬቻ ለሚታጠፉ ሾፌሮች በሙሉ፤ ሳይሰማ እንደሚደርሱብን ሁሉ፣ ሳይሰማ ይድረሳቸው